ወይራዋ የት ገባች?

ባለፈው ሚያዝያ ለአጎቴ ፎቶ ይዤለት ሄድኩ። አንድ ሜትር የሚረዝም፣ ፍሬም የገባ ፎቶ። እሱ ግቢ ሆኜ ያነሳሁት የሐይቅ ፓኖራማ፣ ከብዙ ፎቶ የተሰፋ ሰፊ ዕይታ ነው። ከደሴ አጎቴ እስከሚኖርበት ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ሙሉ በጋቢ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድኩ። መስታወቱ እንዳይሰበር ፈርቼ ጎኔ የተቀመጡትን ሰዎች ደጋግሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በሕይወቴ ለሰው ከሰጠሁት ስጦታ ሁሉ በዚያኛው ነበር የምኮራው።

አጎቴ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ በሩ ወጣ። ብርሃን ፈልጎ ነው። "ማሻአላህ" አለ። ከዚያ ዝም አለ። ጣቱን ከግራ ጫፍ አስቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ መውሰድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ወደ ግራ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ወይራዋ የት ገባች?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ወደ ግቢው ጫፍ ዞርኩ። ወይራዋ እንደ ወትሮዋ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ወደ ፎቶው ዞርኩ። የለችም። እሷ በነበረችበት ቦታ ሐይቁ አለ። ምንም ያልጋረደው ጥርት ያለ ውሃ።

ፎቶውን ካነሳሁት ሦስት ወር ሆኖኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ስንት ሰዓት አፍጥጬበታለሁ። ለጓደኞቼ አሳይቻለሁ፣ ማተሚያ ቤት ያሉት አድንቀውልኛል። አንድም ሰው የጎደለ ነገር አላየም። እኔም አላየሁም። አጎቴ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

አልተቆጣም። "አብሽር" አለኝ፣ ፊቴ ሲቀየር አይቶ። ከዚያ የተናገረው ነገር ነው እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለው። "ሐይቁ አምሯል። ግን እኔ ሐይቁን ለብቻው አይቼው አላውቅም። ከሷ ጋር ነው የማየው።"

ጦሳ ለምን ጉብታ ሆነ?

ካሜራ ከያዝኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሌላ ሰው ተጠቅሞበት የሸጠልኝ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ካሜራ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያነሳው የታወቀ ነው። ጦሳን ነው። ጠዋት በራችንን ስንከፍት ከላይ የሚያየን እሱ ነው። አነሳሁት። ኮምፒውተር ላይ ሳየው ግን ያ ከተማውን የተጫነ ተራራ ከቤት ጣሪያ ጀርባ ያለች ጉብታ ሆኖ ቁጭ አለ።

ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ከሌንሱ ነው። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ብዙ ነገር ያስገባል፣ ያስገባውን ሁሉ ግን ያሳንሰዋል። ቅርብ ያለው አጥር ይገዝፋል፣ ሩቅ ያለው ተራራ ይርቃል። ዓይናችን እንደዚያ አያይም። ተራራ ስናይ በአንድ ጊዜ ጥቂቱን ነው የምናየው፤ ከዚያ አንገታችንን እናዞራለን። ትልቅነቱ የሚሰማን ስንዞር ነው።

ፓኖራማ ይህንን ነው የሚያደርገው። ጠበብ ባለ ሌንስ፣ ካሜራውን አቁሞ፣ ቦታውን ከፋፍሎ በብዙ ፎቶ ማንሳት። ከዚያ በሶፍትዌር መስፋት። እኔ የምጠቀመው ሁጂን የሚባለውን ነው፤ በነፃ የሚገኝ ነው። ሁለት ፎቶዎች ላይ ያለውን አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ጣሪያ ይፈልግና ያገናኛቸዋል። ለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ፎቶ ሲሶ ያህሉን ይዞ መምጣት አለበት። ያለዚያ የሚይዙት ነገር ያጣሉ።

ስህተቶቼን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም። አንዱን ግን ልንገራችሁ፣ ሌላው ጀማሪ እንዳይደግመው። ሰማዩ ይደምቅልኛል ብዬ ፖላራይዘር ፊልተር ገጥሜ አዝዋ ገደል ጫፍ ላይ አሥር ፎቶ አነሳሁ። ስሰፋው ሰማዩ መሃል ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሰንበር ወጣበት። ለካ ፊልተሩ በጣም የሚሠራው ከፀሐይዋ ጎን፣ በ90 ዲግሪ አካባቢ ባለው ሰማይ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ላይ ያምራል። ሰፊ ፓኖራማ ላይ ግን ሰማዩ አንዱ ጋ ይጠቁራል፣ ሌላው ጋ ይነጣል። ከዚያ ወዲህ ለፓኖራማ ፊልተሩን አወልቀዋለሁ።

ብርሃኑንም በራሱ እንዲመርጥ ለካሜራው መተው አይቻልም። ወደ ሐይቁ ሲዞር ያጠቁራል፣ ወደ ጥላው ሲዞር ያነጣል፤ ስፌቱ ድሪቶ ይመስላል። ሁሉንም በእጅ ቆልፎ ነው መዞር።

እነዚህን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ ነው በጥር አጎቴ ግቢ የቆምኩት። የምችል መስሎኝ ነበር።

አራት ቦታ የቆመች ዛፍ

ወይራዋ የት ገባች የተባልኩ ቀን ማታ ደሴ እንደገባሁ ዋናዎቹን ፎቶዎች ከፈትኩ። ዘጠኝ ናቸው። ወይራዋ አራቱ ላይ አለች።

አራቱን ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። መጀመሪያው ላይ ወይራዋ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ልሳነ ምድር በስተቀኝ ናት። ሁለተኛው ላይ ወደሱ ተጠግታለች። ሦስተኛው ላይ ገዳሙን ሸፍናዋለች። አራተኛው ላይ አልፋው በስተግራ ቆማለች። አንዲት ዛፍ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ አራት ቦታ።

ዛፍ አይራመድም። የተራመድኩት እኔ ነኝ።

ቀኑን መልሼ አሰብኩት። ትራይፖድ፣ ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ፣ አልያዝኩም። ፀሐይዋ እየሄደች ስለነበር ቸኩያለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ የፈታሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። አንድ ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ እሄድ ነበር።

ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣቱን ማዶ ካለ ምሰሶ ጋር አስተካክሉት። አሁን ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ጎን ውሰዱት። ጣታችሁ ከምሰሶው ላይ ይሄዳል። ምሰሶው ከማዶው ጋራ ጋር ግን ብዙም አይላወስም። ሩቅ ያለው ሁሉ እናንተ ብትንቀሳቀሱም ይታገሳችኋል። ቅርብ ያለው አይታገስም።

ሶፍትዌሩ አራት ወይራ ነው ያገኘው። የሐይቁ ዳርቻ ከዳርቻው ገጠመለት፣ ጋራው ከጋራው ገጠመለት። ወይራዋ ግን ከራሷ ጋር አልገጥም አለችው። ስለዚህ ስፌቱን በጎኗ አሳልፎ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ እሷ የሌለችበትን ክፍል መርጦ ዘጋው። ሥራውን በደንብ ነው የሠራው። ስፌቱ አይታይም።

አንድ ነገር ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። ለምንድነው ወደ ቀኝ የተራመድኩት? ካሜራውን እዚያው ሆኜ ማዞር አቅቶኝ አልነበረም። የተራመድኩት ወይራዋ ስለጋረደችኝ ነው። ሐይቁን ሳይጋረድ ለማግኘት ነበር እየሸሸኋት የነበረው። ሶፍትዌሩ የጨረሰው እኔ የጀመርኩትን ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚያ ግቢ የምሄደው ለበዓል፣ ለለቅሶ፣ አንዳንዴ ለፎቶ ነው። ለእኔ ግቢው ሐይቁን ማያ ሰገነት ነው። ወይራዋ ደግሞ ከሰገነቱ ፊት የበቀለች መጋረጃ። አጎቴ ግን ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ፀሐይ የተጠለለው እሷ ሥር ነው። ጥርሱን የሚፍቀው ከሷ በሚቆርጠው መፋቂያ ነው። የወተቱ ዕቃ የሚታጠነው በሷ ነው። ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሷ ሥር ነው። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚለው ተረት ሁልጊዜ ስለ ዕቅድ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ሌሊት ስለ ዓይንም ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ።

መቆሚያ ነጥብ

ሁጂን ላይ "ይሄኛውን ክፍል ከዚህኛው ፎቶ ውሰድ" ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ወይራዋን ከሁለተኛው ፎቶ ላይ አስከብቤ መለስኳት። ተመለሰች። ግን ቅርንጫፏ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ ውሃው ተሰበረ፤ ዳርቻው ከራሱ ጋር አልገናኝ አለ። ከአንድ ሰዓት ሙከራ በኋላ ተውኩት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በሌላ ቦታ ቆሜ ያየኋትን ዛፍ፣ በሌላ ቦታ ቆሜ ካየሁት ሐይቅ ጋር ማኖር አልቻልኩም።

እንደገና መማር ያዝኩ። ትራይፖድ ተዋስኩ። እሱም ለብቻው አይበቃም። ትራይፖድ የሚታሰረው ከካሜራው ሆድ ሥር ነው። ስናዞረው የሌንሱ አፍ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ያም በትንሹ መራመድ ነው። መሽከርከሪያው መሆን ያለበት ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍባት ቀዳዳ ከፊት ሲያዩዋት ያለች በምትመስልበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ካሜራውን ወደ ኋላ የሚያንሸራትት ብረት ያስፈልጋል። ገዝቼ ማስመጣት አልቻልኩም። ብየዳ ቤት ሄጄ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ረጅም ቀዳዳ አስወጣሁ። ልጁ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጣቱን እንዲያቆም አድርጌ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ ሞከረውና ሳቀ፣ ከዚያ ጠርዙን አለስልሶ ሰጠኝ።

ነጥቡን የፈለግኩት ግቢያችን ውስጥ ነው። ቅርብ ያለው የልብስ ማስጫው እንጨት፣ ሩቅ ያለው የመብራት ምሰሶ። ሁለቱን በካሜራው አስተካክዬ ካሜራውን ወደ ግራ አዞራለሁ፣ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። እንጨቱ ከምሰሶው ላይ ከሸሸ ብረቱ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እስባለሁ። እንደገና። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ላይ ካሜራው ዞረ፣ እንጨቱ ግን ከምሰሶው ፊት ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ላይ በሚስማር ምልክት ጫርኩ። ያቺን ጭረት እስካሁን በጣቴ እዳስሳታለሁ።

ፓኖራማ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተሠራ ነው፤ ሁሉን ማየት እንደማለት። ነገሩን ያመጣው ሮበርት ባርከር የሚባል ሰዓሊ ነው። በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤዲንብራን ካልተን ሂል ከሚባል ኮረብታ ላይ ሆኖ ዙሪያዋን ሳላት። ሥዕሉ የሚሰቀለው ክብ ሆኖ ነው፤ ተመልካቹ መሃል ገብቶ ይቆማል። ይህን ሳነብ የገባኝ እኔ ፓኖራማን የምረዳው እንደ ረጅም ወረቀት እንደነበር ነው። መነሻው ግን ወረቀት አይደለም። መሃል የቆመ ሰው ነው።

ከአሱር እስከ መግሪብ

መስከረም መጨረሻ ላይ ተመለስኩ። ጥር ላይ ማዶው በአቧራና በጭስ ደብዝዞ ነበር። ክረምቱ ካጠበው በኋላ ግን የማዶው ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጤፉ አረንጓዴ ነው። ድንበሩን ይዞ አደይ አበባ ፈክቷል።

ጠዋት ልጀምር ስል አጎቴ ከለከለኝ። "አሁን ፀሐይዋ ከፊትህ ናት። ከአሱር በኋላ ነው ማዶው የሚታይህ። መግሪብ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል።" ፎቶ አንሺዎች ወርቃማ ሰዓት ብለው የሚያወሩለትን ሰዓት አጎቴ በሶላቱ ነው የሚያውቀው። ቡናው ፈላ፣ ጀባ ተባባልን፣ ሦስተኛው እስኪወርድ ጠበቅኩ።

ከአሱር ሲመለስ ትራይፖዱን ይዤ ግቢው መሃል ቆሜያለሁ። ወይራዋ ከግራዬ አሥር እርምጃ ላይ ናት። ከሷ ልጀምር ነው። ብርሃኑን ቆለፍኩ። ፎከሱን ቆለፍኩ። ካሜራው በቁመቱ ቆሟል። የትራይፖዱ ራስ ላይ የዲግሪ ምልክት አለ፤ በየ15 ዲግሪው አንድ ፎቶ፣ ዘጠኝ ፎቶ አነሳለሁ ብያለሁ።

"ምንድነው የምታነሳው?" አለኝ።

"ከወይራዋ ጀምሬ እስከዚያ ጋራ ድረስ፣ ጋሼ።"

አጠገቤ መጥቶ ቆመ። መጥራት ጀመረ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም።

"ወይራዋ።" ጠቅ።

"ገዳሙ።" ድሮ ደሴት ነበር፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ነው። አጎቴ እስላም ነው፤ ገዳሙን ሲጠራ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጠቅ።

"ጀልባው የሚቆምበት።" ጠቅ። "እዚያ ማዶ የእናትህ አክስት የተዳሩበት።" ጠቅ። "ከዚያ ጋራ ጀርባ ሐርዲቦ ነው፣ ከዚህ አይታይም።" የማይታየውንም ጠራው። ጠቅ።

ሳላስበው በሱ ፍጥነት ነበር የምዞረው። አንዱን ሲጠራ ካለፈው ጋር እያያዘ ነው፤ ከጀልባው በላይ፣ ከአክስት ቤት ቀጥሎ፣ ከዚያ ጋራ ጀርባ። አንዱም ቦታ ለብቻው አልተጠራም። ሲሶውን ካለፈው ይዞ ይመጣል። እኔ ይህንን ከስንት የተበላሸ ፎቶ ነው የተማርኩት።

ዘጠኝ ሞላ። እጄን ከካሜራው አነሳሁ።

አጎቴ ግን አላቆመም። "ከተማው" አለ። ዞሯል። ዕይታው አልቋል ብዬ ባሰብኩበት ቦታ እሱ ገና አላጋመሰም ነበር። ፈጥኜ ካሜራውን አዞርኩ። "የደሴ መንገድ።" ጠቅ። "የጎረቤት ማሽላ፣ ዘንድሮ ደህና ነው።" ጠቅ። ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጋራ ገብታለች፤ ጥላው ጣሪያውን አልፎ ወደ እኛ እየወረደ ነው። ፀሐይ ብትኖር ኖሮ ወደዚያ ማንሳት አልችልም ነበር። "ጎተራው።" ጠቅ። "ማድ ቤቱ።" የአጎቴ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። "እሷ" አለ። እንዳትንቀሳቀስ ለመንኳት። ጠቅ።

"የከብቶቹ በረት።" ጠቅ። "የአምባሰል ጋራ።" ጠቅ።

24ኛው ላይ የአጥሩ ክፍተት መጣ። ቀጭን የእግር መንገድ ይታያል። ዝናቡ መሃሉን ቦርቡሮታል። አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ አየው።

"ይቺ ደግሞ አንተ የምትመጣባት" አለ።

ጠቅ። ቀጥሎ ያለው ወይራዋ ነበረች። ክቡ እንዲገጥም አንድ ተጨማሪ አነሳሁ። 25።

ይህን ፎቶ ፍሬም ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ደሴ ላይ የሠርግና የምርቃት ባነር የሚያትሙበት ቤት ወሰድኩት። ሦስት ሜትር ሆኖ ወጣ። ልክ እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ሐይቅ ወሰድኩት። ከመደቡ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ እኔ አንዱን ጫፍ፣ የአጎቴ ባለቤት ሌላውን ጫፍ ይዘን ዘረጋነው።

አጎቴ ጣቱን ከግራ ጫፍ አስቀመጠ። ወይራዋ። ገዳሙ። ጀልባው። እየጠራ፣ በግድግዳው ልክ እየተራመደ ሄደ። የባለቤቱ ምስል ጋ ሲደርስ እሷ እራሷ ሳቋ መጣ። በረቱን አለፈ፣ አምባሰልን አለፈ፣ መንገዴን አለፈ። ቀኝ ጫፍ ላይ ጣቱ ወይራዋ ላይ አረፈ።

ሳሳትም አንደኛዋን መቁረጥ ረስቼ ነበር።

"ሁለት ጊዜ ገብታለች፣ ጋሼ። መቀስ ስጡኝና ይቺኛዋን ልቁረጣት" አልኩ።

ጣቱን ከላይዋ አላነሳም።

"ተዋት፣ ዞራ ነው የመጣች።"